መከታን ማን ይወስደዋል?

ብርሀንነሽን የተውናት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ናት። ወዴትስ ትሄዳለች? የግራዝማች ሞላ ሚስትና ልጅ ያለ ፈቃድ ከግቢያቸው እንዳይወጡ የገበሬ ማኅበሩ ከወሰነ ወዲህ ዓለሟ ከትልቁ ቤት እስከ ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ እስከ እህል ጉድጓዱ ሆናለች። ከዚያ ወዲያ አጥር ነው። አጥሩ በር አለው፤ በሩ ላይ ደግሞ አሻግሬ ተቀምጧል።

አሻግሬን ለማታውቁት፣ የግራዝማች ሞላ ጢሰኛ ልጅ ነው። መካነ ሰላም ትምህርት ቤት ከብርሀንነሽ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ሲለቀቁ እሷ በታችኛው መንገድ፣ እሱ በላይኛው ይሄዱና ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ሲደርሱ መንገዶቹ ይገናኛሉ። እነሱም ይገናኛሉ። አይነጋገሩም ነበር፤ የባላባት ልጅና የጢሰኛ ልጅ ምን ይነጋገራሉ? ግን ያችኑ ያህል ጎን ለጎን ለመሄድ ሲሉ ሁለቱም ከትምህርት ቤት ቀርተው አያውቁም። አንድ ቀን የብርሀንነሽ ነጠላ ቅርንጫፍ ሲይዘው እሱ አላቀቀላት። ያንን ነጠላ እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው አላዋሰችም።

አሁን ግን አሻግሬ አያያትም። መሬት ላራሹ ሆነ፣ ግራዝማች ሞላ ወደ አባይ በረሃ ወርደው ሸፈቱ፣ እሱም የማኅበሩ ዘበኛ ሆነ። ጭኑ ላይ ያጋደመው አሮጌ ምንሽር የአባቷ ነበር። ሲያጸዳው፣ ሲወለውለው፣ እንደገና ሲያጸዳው ይውላል። ጠመንጃ እንዲህ የሚጸዳው ሰው ቀና ማለት ሲፈራ መሆኑን እኔም እናንተም እናውቃለን። ብርሀንነሽ ግን አላወቀችም። ጠልቶኛል ብላ ደመደመች፤ ደግሞም ቢጠላኝ እውነቱን ነው ብላ አለቀሰች።

የሳምንታችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የሳምንታችን ጉዳይ ውሻ ነው።

መከታ ይባላል። አፉ ዙሪያ ሸብቷል፣ አንድ ጆሮው በድሮ ጠብ ተሸርክቷል፣ የኋላ እግሮቹ ጧት ጧት አልታዘዝ ይሉታል። ጥርሱ ሊያልቅ ነው እንጂ ቁጣው አላለቀም። ያውም እንደ ማንኛውም ውሻ ቁጣ አይደለም። ባዶ እጁን የሚገባን ሰው ሽፍታም ቢሆን ቀና ብሎ አያየውም። ጆንያ የተሸከመ፣ ስልቻ ያነገተ፣ ቋጠሮ ያንጠለጠለ ካየ ግን ያ እርጅናው ከየት እንደሚጠፋ አይታወቅም። ለቤት ሰውም አይመለስ። የብርሀንነሽን እናት፣ ወይዘሮ ወርቂቱን፣ የልብስ ቋጠሮ ይዘው ቢያልፉ ቀሚሳቸውን እስከ ወገባቸው ቀዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሰው ሲወጣ ጭነቱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ፣ ባዶ እጁን በበሩ መውጣት ልማዱ ሆነ። ሰው እንኳን ውሻውን፣ ችግሩንም ይለምዳል።

ታዲያ ማኅበሩ ያንን ግቢ የእህል መጋዘን ሊያደርገው ወሰነ። ጉድጓዱ አጠገብ መከታ አለ፤ የሚገባው ደግሞ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። አንዱ ሸክሙን ጥሎ አጥር ላይ ወጣ፣ ሌላው ሱሪውን ትቶ ሄደ። ሊቀመንበሩ አራጌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ነገር እንዲጓተት አይወዱም።

«ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ደሴ ያሉት ወንድምዎ ያመለከቱት ተፈቅዷል» አሏቸው ደጃፍ ላይ ቆመው። «በገበያ ቀን በሚሄደው የጭነት መኪና ከልጅዎ ጋር ትሄዳላችሁ። ውሻውም የዚያን ለት ከግቢው ይወጣል። በእግሩ ካልወጣ በጥይት ይውጣ።»

«ማን ይተኩሳል?» አለች ብርሀንነሽ፤ እናቷ ጎሽመው ዝም ሳያሰኟት።

አራጌ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ።

አሻግሬ ጠመንጃውን መወልወል አቆመ። 

* * *

ብርሀንነሽ ውሻውን የሚወስድ ሰው ፍለጋ ጀመረች። መውጣት ስለማትችል በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የምትፈልገው። ውኃ ቀጂውን፣ እንጨት ለቃሚውን፣ ከወግዲ ገበያ ተመላሹን ሁሉ አፏን ከእሾሁ አስጠግታ ትጠራለች። «ውሻ ትወስዳላችሁ? ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አይበላም።» አንዳንዱ ይስቅባታል። አንዳንዱ የማን ቤት እንደሆነ አይቶ ምራቁን ይተፋል። ያው የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አንዲት አሮጊት ግን ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ በክፉ ቀን ሰው ሲያልቅ የእናንተ ውሻ ይበላ ነበር። አሁን ደግሞ ቤት ይፈለግለት?» አሏት። ብርሀንነሽ አፏን ከቀዳዳው አነሳችና ቀጣዩን መንገደኛ ጠበቀች።

የተቀበለቻት ሳዲያ ብቻ ነበረች። የሼህ አብዱልጀሊል ባለቤት ናት፤ ሼህ ከመስጊዱ ታች ደረሳ፣ የቁርአን ተማሪ፣ ያስቀራሉ።

«እኛ ውሻ ቤት አናስገባም» አለቻት በአጥሩ ወዲያ ሆና። «ለበጎቹ በረት ግን ይሁን። ወላሂ፣ ጅቡም ዘንድሮ ሰው ለምዷል። አብሽሪ፣ አታልቅሺ።»

መከታ በገመድ እየተጎተተ ሄደ። ብርሀንነሽ ሊቀመንበሩ ከተናገሩ ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ያኘከውን ገመድ እየጎተተ፣ በግቢው በር ገብቶ፣ አሻግሬን አልፎ፣ እሷንም አልፎ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተከደነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ሳዲያ ከኋላ ደረሰች።

«ሥጋ ሰጠሁት፣ ቂጣ ሰጠሁት፤ አልነካም። ሌሊቱን ሲያላዝን አደረ። ይቅር በይኝ እህቴ፣ ይህ ውሻ የሚበላው እዚህ ብቻ ነው።»

ብርሀንነሽ ማለዳ ያላበላችውን ፍርፋሪ አምጥታ ድንጋዩ ላይ በተነችለት። መከታ በላ። እሷ ግን እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ያ ድንጋይ ከጠርዙ እስከ መሀሉ በምላስ ብዛት ሞልጿል። ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን በገዛ እጇ ስታስረው የኖረችው እሷው ናት።

* * *

አሁን ወደዚያ ክፉ ቀን ልመልሳችሁ ነው፤ ካልመለስኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

በረሃቡ ጊዜ የግራዝማች ጉድጓድ ሙሉ ነበር። ብርሀንነሽ የአሻግሬን እናት፣ ይርገዱን፣ «አባቴ ሲተኛ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል ስልቻ ይዘሽ ነይ» ብላ ላከችባት። ይርገዱ መጣች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ስትል መከታ ባቷን ይዞ አልለቅም አለ። ግራዝማች በጩኸቱ ነቅተው ወጡ። ውሻው መፈታቱን፣ ልጃቸው ገመዱን በእጇ መያዟን አዩና ሳቁ። በተሰበሰበው ሰው ፊት ጀርባዋን መታ መታ አድርገው፣ «ይቺ ናት ልጅ! ሌባ አስያዘች» አሉ።

ብርሀንነሽ ዝም አለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ። ይርገዱ ከዚያ ወዲህ ታነክሳለች፤ አሻግሬም በላይኛው መንገድ መሄዱን ተወ።

* * *

በገበያው ዋዜማ፣ ወይዘሮ ወርቂቱ ሣጥን ሲያሳስሩ፣ ብርሀንነሽ ወደ በሩ ሄደች። 

«አሻግሬ።»

«ጉዳይ ካለሽ ለሊቀመንበሩ ነው።»

«መከታን የምትተኩሰው አንተ ነህ አሉ።»

«ታዝዣለሁ።»

«እምቢ አትልም?»

«እናንተ ቤት አድገን እምቢ ማለትን ከየት እንማር?» አለ። አሁንም ጠመንጃውን እንጂ እሷን አላየም።

«ውሰደው» አለችው። «ሌላ ሰው አልቀረኝም። አንተ ውሰደው።»

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ወስጄ የት ልሰረው? እናቴ ደጅ? ውኃ ቀድታ እያነከሰች ስትገባ እያየ እንዲኮራ?»

«እናትህን የጠራኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጠርተሽ አስነከስሻት።»

«ጠርቼ ላበላት ነበር!» ብርሀንነሽ እንዲህ ስትጮህ እናቷ ከውስጥ «ምንድነው?» አሉ፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ የምታቆም ሰው አልነበረችም። «ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስሮ ለእኔስ እህል ያስወጣኝ ነበር? ከፈታሁት እንደ ሰው ውሻ ሰፈር ለሰፈር ሊዞር ይሄዳል ብዬ ነው የፈታሁት። አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ የገባኝ አሁን ነው፣ ከሳዲያ ቤት ገመድ በጥሶ ሲመጣ። አባቴ ገና በቡችላነቱ፣ ‹መብሉን ክዳኑ ድንጋይ ላይ ስጪው፣ ሌላ ቦታ አታብይው› ይለኝ ነበር። ለጽዳት መስሎኝ! እኔ ሳበላው ድንጋዩን እየሰጠሁት ኖሯል። የእናትህን እግር የነከስኩት እኔ ነኝ፣ አሻግሬ፤ ግን እንደምታስበው አይደለም።»

አሻግሬ አሁን ቀና አለ። ብርሀንነሽ ዓይኑን ካየችው ብዙ ጊዜዋ ነበርና፣ እንደዚያ የደከመ መሆኑን ስታይ ደነገጠች።

«ለምን ያን ቀን አልተናገርሽም?»

«አባቴ እያየኝ ነበር።»

«እናቴም እኮ እያየችሽ ነበር» አለ አሻግሬ፤ በቀስታ። «ደሟ እየፈሰሰ አንቺን አንቺን ነበር የምታይ። ቤት ገብታም ስለ እግሯ አላነሳችም። ‹ልጅቱ ዝም አለች› ነው ያለችኝ። ደጋግማ።»

የታጠረው ግቢ፣ የተዘጋው በር፣ ጠመንጃው፣ ይሄ ሁሉ ከዚያች ዝምታ ጋር ሲተያይ ሰፊ ሜዳ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ተመለሰች። ከኋላዋ አሻግሬ ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ሲል ሰማችው። ስድብ መሰላትና ልቧ ተሰበረ።

* * *

የገበያው ቀን ነጋ። ወይዘሮ ወርቂቱ ሣጥናቸውን በአጥሩ ላይ አሳልፈው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወጡ። ደሴ ለብርሀንነሽ ምን እንደተሰናዳላት ያውቃሉ፤ ወንድማቸው የሚያውቁት አንድ ነጋዴ ሚስት ይፈልጋል። ብርሀንነሽም ታውቃለች። ከአንድ አጥር ወደ ሌላ አጥር። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው፣ እናቷን ብቻቸውን አትሰድ፣ ተከትላ አትሄድ።

ቋጠሮዋን በአጥሩ ላይ ጥላ ወደ ቤት ተመለሰችና በሩን ዘጋች። ተኩሱን ቆማ መስማት አልቻለችም። ጆሮዎቿን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ የሰማችው ተኩስ ሳይሆን የድንጋይ ፍትጊያ ነበር።

ወጣች። አሻግሬ ምንሽሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ በመቆፈሪያ ክዳኑን ከጉድጓዱ አፍ እየፈነቀለ ነው። ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ እህሉ ከተከፋፈለ ቆይቷል። መከታ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ያጉረመርማል፣ ድንጋዩን ያሸታል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ብዬሻለሁ እኮ። የሚበላበትን ይዤው ልሂዳ።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ለእናቴ ትናንት ያልሽኝን ሁሉ ነገርኳት። ‹አምጣው› አለች።»

ድንጋዩን በገመድ አስሮ ጀርባው ላይ ሲያነሳው ጉልበቱ ሁለቴ ከዳው። በሦስተኛው ቆመ። መከታም የሚበላበት ነውና መንከሱን ትቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ከድንጋዩ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ተከተለው። በዚያች ሸክም በማይወጣባት በር እንዲህ ተወጣ፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከፊት፣ ሽማግሌ ውሻ በመሀል፣ የግራዝማች ልጅ ቋጠሮዋን ከአጥሩ ሥር አንስታ ከኋላ ራቅ ብላ።

ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ነበር። እንዲህ ያለ ጉድ ደግሞ በየገበያው አይገኝም።

«አሻግሬ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ጌትነት ቀርቷል ተብሎ የለ እንዴ? ዛሬም ለግራዝማች ትሸከማለህ?»

ሳቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። አሻግሬ ጎንበስ እንዳለ፣ «ለግራዝማች አይደለም» አለ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

አሻግሬ ድንጋዩን ጀርባው ላይ አመቻቸ። አንገቱ ግን ቀላ፤ ከኋላ የምትመጣው አየችው። ያ ሁሉ ሕዝብ እያያት ብርሀንነሽ ፊቷን በነጠላዋ አልሸፈነችም። እንዲያ ደስ ብሏት፣ እንዲያም አፍራ አታውቅም።

* * *

ይርገዱ ደጃፏ ላይ በትሯን ተደግፋ ጠበቀቻቸው። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ግቢዋን የከበባት ዝቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ነው። አሻግሬ ድንጋዩን ከበሩ አጠገብ አወረደ። መከታ አሸተተው፣ ዞረው፣ ደግሞ አሸተተው፣ ከዚያ ያ የደከመ ገላው ላዩ ላይ ወደቀ።

ብርሀንነሽ ትልቋን ሴት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ዕድሜ ልኳን «አንቺ» ስትላት ኖራ፣ ዛሬ አፏ እንዲህ ሲል ሰማችው፦ «እማማ ይርገዱ፣ አንቱን የጠራሁ ለክፋት አልነበረም። ዝም ያልኩት ግን ክፋት ነው።»

ይርገዱ ጥቂት አየቻት። በልጇም ፊት ቀሚሷን ከባቷ ከፍ አድርጋ ጠባሳውን አሳየቻት፤ ብርሀንነሽም አየችው፣ ዓይኗን አላሸሸችም።

«በይ» አለች ይርገዱ፣ ቀሚሷን ለቃ። «እንዲህ ማየቱን ነበር የፈለግሁ። ነዪ አብይልኝ፤ እጅሽን ስጪኝ።»

ከጓዳ ቁራሽ ቂጣ አመጣች። የብርሀንነሽን እጅ በራሷ እጅ ላይ አድርጋ፣ ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ቂጣውን ድንጋዩ ላይ አኖሩት። መከታ የሚያውቀውን እጅ አሸተተ፤ የማያውቀውንም አሸተተ። ከዚያ በላ።

«አትፈሪውም?» አለ አሻግሬ እናቱን።

«የነከሰኝንማ አውቀዋለሁ። የምፈራ የማላውቀውን ነው» አለች። «ደግሞስ ጠቡ ከጆንያ ጋር አይደል? እኔ ቤት ጆንያ ይዞ የሚገባ የለ፣ ይዞ የሚወጣ የለ። ከማን ጋር ሊጣላ ነው?»

ሳቁ። ሦስቱም አንድ ላይ ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ግን የመኪናው ጡሩምባ ከገበያው በኩል ተነፋ።

ብርሀንነሽ ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ጭነት ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያማትሩ ታዩዋት። «እንግዲህ...» አለች።  አሻግሬ መሬት መሬት አየ። ጎንበስ ብላ ቋጠሮዋን አነሳችና ወደ በሩ ተራመደች።

መከታ ተነሳ። ያ እርጅና እንደገና ጠፋ። በእሷና በበሩ መሀል ቆሞ ጥርሱን አሳየ።

«መከታ! እኔ ነኝ እኮ!»

አጉረመረመ። እሷ መሆኗን መች አጣው? ያየው ቋጠሮውን ነው፤ የበላው ደግሞ እዚህ ነው። ከዚህ ቤት ነገር አይወጣም።

ይርገዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጡሩምባው ሁለተኛ ተነፋ፤ ቆጣ ያለ ነበር። አሻግሬ ወደ አጥሩ ተጠጋ። የዚያን ቤት ልማድ በር ላይ ሲጠብቅ አይቶት ያውቃል።

«ቋጠሮውን... በአጥሩ ላይ ላሳልፍልሽ?» እጁን ዘረጋ። «ባዶ እጅሽን ከሆነ ይለቅሻል።»

አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ቋጠሮው ቀላል ነው። ዕድሜዋን ሁሉ እንዲያ ነበር የወጣችው። እናቷን አሰበች፣ ብቻቸውን አሰበቻቸው፣ እንባዋ መጣ። እንባዋ በሚመጣበት መሀል ግን ሁለት ሰዎች እንደሚያይዋት ተሰማት፤ ያን ቀን ደሟ እየፈሰሰ ያየቻት ሴትና የዚያች ሴት ልጅ። ሁለቱም አንድ ቃል ይጠብቃሉ።

«አታሳልፈው» አለች።

«ብርሀንነሽ...»

«አታሳልፈው አልኩህ! ውሻው እንዳለው ይሁን።»

ቋጠሮዋን ድንጋዩ አጠገብ አስቀመጠች። መከታ አሸተተው፣ ከበሩ ዞር አለላት፣ ተመልሶም ተኛ። ጡሩምባው ለመጨረሻ ጊዜ ተነፋ፤ የሞተሩ ድምፅ ወደ ዳገቱ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ብርሀንነሽ እንባዋን ሳትጠርግ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘብ የሚቆምባትም አልነበረም።